የሰጠ ቢረሳ የተቀበለ አይረሳም

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለው የተረቱት ስለ በደል ነው። በዳዩ ጦሩን ነቅሎ መንገዱን ሲቀጥል ተበዳዩ ጠባሳውን ይዞ ይኖራል ማለታቸው ነው። የዚህን ምሳሌ እውነተኛነት የሚጠራጠር ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ምሳሌው ተገልብጦ ቢነበብም እውነትነቱን እንደማያጣ ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ክፉ ያደረገ እንደሚረሳ ሁሉ ደግ ያደረገም ይረሳል፤ የተወጋ እንደማይረሳ ሁሉ በጨነቀው ሰዓት እጁን የያዙትም ሰው አይረሳም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ በተገለበጠው ምሳሌ ላይ ነው። መነሻ የሚሆነንም አንድ ስመ ጥር አሜሪካዊ ስፖርተኛ ለአንድ የታመመ ልጅ ያደረገው ትንሽ ነገር ነው።

ታሪኩ የተፈጸመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከቤብ ሩት ይበልጥ ስሙ የሚነሣ ስፖርተኛ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ኸርማን ሩት ሲሆን የሚጫወተው ኒው ዮርክ ያንኪስ ለሚባለው የቤዝቦል ቡድን ነበር። ቤዝቦል በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ስለ ሆነ አካሄዱን በአጭሩ መግለጽ ሳያስፈልግ አይቀርም። እንደኛ የገና ጨዋታ ሁሉ ይህኛውም በዱላና በኳስ የሚካሄድ ነው። አንዱ ተጫዋች ትንሿን ጠንካራ ኳስ በኃይል ሲወረውር ሌላው በዱላ ይመታታል፤ መትቶም በሜዳው ላይ የተመለከቱትን አራት ማዕዘኖች በሩጫ ዞሮ ከገባ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። የመታት ኳስ በርራ ከሜዳው አጥር ማዶ የወደቀች እንደ ሆነ ግን የሚያግደው ስለሌለ ዘና ብሎ ይዞራል። ይህን ዓይነቱን ምት አሜሪካኖች «ሆም ረን» ይሉታል። እጅግ አስቸጋሪ ምት ነው፤ ቤብ ሩት ግን በ1926 ዓ.ም. የውድድር ወራት 47 ጊዜ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 60 ጊዜ መትቶታል። ይህ የ60 ምት ክብረ ወሰን እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ ሳይሰበር ቆይቷል።

በዚሁ በ1926 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት፤ ኤሴክስ ፌልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፤ ጆኒ ሲልቬስተር የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ከፈረስ ወድቆ ራሱን ተጎዳ። ጉዳቱ አመርቅዞ ልጁ በጠና ታመመ። አንባቢ ይህን ሲመለከት የዘመኑን ሕክምና ማሰብ አለበት። ፔኒሲሊን የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ለሕሙማን በሰፊው መሰጠት የጀመረውም በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። ዛሬ በመርፌና በእንክብል የሚገታ መመርቀዝ በዚያን ጊዜ የሐኪሙንም የወላጁንም እጅ አጣምሮ የሚያስቀምጥ ነበር። ለታመመ ልጅ የሚሰጠው መድኃኒት ሲያልቅ የሚቀረው ልቡ የሚፈልገውን መጠየቅ ነው። ጆኒ የፈለገው ቤብ ሩት የፈረመባት አንዲት ኳስ ነበር።

ጊዜው የአሜሪካ የቤዝቦል ታላቅ የፍጻሜ ውድድር የሚካሄድበት የጥቅምት ወር መባቻ ነበረ። ያንኪስ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ከሚባለው ቡድን ጋር ተፋጥጧል። ሰባት ጨዋታ ሊደርስ በሚችለው በዚህ ውድድር መካከል፤ ሁለቱ ቡድኖች ወደሚገኙበት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ስለ ሕፃኑ መልእክት ተላከ። ከዚያም ሁለት ኳሶች መጡ። አንደኛዋ የካርዲናልስ፤ ሁለተኛዋ የያንኪስ ተጫዋቾች ፊርማ ያረፈባት ነበረች። በያንኪሷ ኳስ ላይ ቤብ ሩት ፊርማውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም አኑሮ ነበር፤ በረቡዕ ጨዋታ አንድ ሆም ረን እመታልሃለሁ ብሎ ለልጁ ጽፎለታል።

ረቡዕ ጥቅምት 6 ቀን 1926 ዓ.ም. አራተኛው ጨዋታ በሴንት ሉዊስ ተደረገ። ቤብ ሩት ለልጁ ቃል የገባው አንድ ሆም ረን ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ሦስት መታ። በፍጻሜ ውድድር ታሪክ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ሲመታ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያንኪስም 10 ለ 5 አሸነፈ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለነዚህ ሦስት ምቶች ነው። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ከአምስት ቀን በኋላ የሆነው ነገር ነው። ጥቅምት 10 ቀን የመጨረሻው ሰባተኛ ጨዋታ ኒው ዮርክ ላይ ተደረገና ያንኪስ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። የጨዋታው መዝጊያ የሆነውም ራሱ ቤብ ሩት ነበር፤ ሳይታይ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሮጦ ለመድረስ ሲሞክር ተቀድሞ ተያዘና ውድድሩ በዚያው አበቃ። በሽንፈት ላይ ስሕተት የተጨመረበት ሰው በማግስቱ በሩን ዘግቶ ቢተኛ ማን ይፈርድበታል? ቤብ ሩት ግን በማግስቱ ጥቅምት 11 ቀን ወደ ኤሴክስ ፌልስ ሄደ። ጆኒ ከተኛበት ክፍል ገብቶ ልጁን ጠየቀው፤ አጫወተው። ልጁም ከሕመሙ ዳነ።

እዚህ ላይ የጋዜጣ ሰው እንደ መሆኔ መጠን ስለ ሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። የዚያን ዘመን ጋዜጦች ታሪኩን እንደ ተገኘ አልተዉትም። አንዳንዶቹ ልጁ ሊሞት ጥቂት ሰዓት ብቻ የቀረው አስመስለው ጻፉ። በበሽታው ስም እንኳ አልተስማሙም፤ አንዱ ደሙ ተመርዟል ሲል ሌላው የጀርባ አጥንት ሕመም ነው አለ። በ1948 ዓ.ም. ስለ ቤብ ሩት የተሠራው ፊልም ደግሞ ጉብኝቱን ከጨዋታው በፊት አድርጎ በሆስፒታል ውስጥ አሳየው። ኳሷ ፈውስ ያላት፤ የሆም ረኑ ድምፅ ሙት የሚያስነሣ እስኪመስል ድረስ ታሪኩ አበጠ። ልጁን ሐኪም፤ ዕድሜና የፈጣሪ ፈቃድ እንዳዳኑት የታወቀ ነው። እውነተኛው ታሪክ ያለ ጭማሪ ሲነገር አያንስም። አንድ ትልቅ ሰው ለአንድ ትንሽ ልጅ ቃል ገባ፤ ቃሉን ፈጸመ፤ በተሸነፈ ማግስትም ሊጠይቀው ሄደ። ይህ በራሱ ይበቃል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። በተከታዩ ዓመት አንድ የጆኒ ዘመድ ቤብ ሩትን አግኝቶ ስለ ልጁ ምስጋና አቀረበለት ይባላል። ሩትም ሰላምታውን በደስታ ተቀብሎ፤ ልጁ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቆ፤ ደኅና ሁንልኝ በልልኝ ብሎ ሰውየውን ሸኘው። ከዚያም አጠገቡ ወደ ነበሩት ጋዜጠኞች ዞር ብሎ፤ ለመሆኑ ጆኒ ሲልቬስተር ማን ነው? ሲል ጠየቀ። ይህን የስፖርት ጸሐፊዎች እየሣቁ ለብዙ ዓመት ሲተርኩት ኖረዋል።

ይህን የሰማ ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፤ «እንግዲህ ደግነቱ ለታይታ ነበር፤ ከልብ ቢሆን ኖሮ የልጁን ስም አይረሳም ነበር» የሚል ነው። እኔም በመጀመሪያ ያነበብሁት ጊዜ እንዲህ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ፍርዴን ያስለወጠኝ ከራሴ ሕይወት የማስታውሰው ነገር ነው።

በልጅነቴ በተወለድሁበት ከተማ የእግር ኳስ ጨዋታ በሚደረግበት እሑድ እኛ ሕፃናቱ በሜዳው በር እንሰለፍ ነበር። የመግቢያ ገንዘብ ስለሌለን ያገኘነውን ትልቅ ሰው ሁሉ «ጋሼ፤ ያስገቡኝ!» እያልን እንለምናለን። አንድ ቀን የከተማችን ቡድን ተጫዋች፤ ስሙ ሲጠራ ጎዳናው የሚሞላለት ሰው፤ ቦርሳውን አንግቦ በአጠገባችን አለፈ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም፤ እጄን ያዘና ለዘበኛው «ወንድሜ ነው» አለው። ቦርሳውንም አሸክሞኝ ገባን። ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ረስቼዋለሁ፤ «ወንድሜ ነው» ያለበትን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ለዕረፍት አገሬ ሄጄ ሰውየውን በአንድ ቡና ቤት አገኘሁትና ነገሩን አጫወትሁት። እርሱም ሣቀና «አንተ ልጅ፤ ስንቱን እንዳስገባሁ ማን ይቈጥርልኛል?» አለኝ። አንዳችም ነገር አላስታወሰም።

በዚያን ጊዜ የገባኝ ይህ ነው። ቤብ ሩት የጆኒን ስም የረሳው ለልጆች ማድረግ የለመደው ነገር ስለ ሆነ ይሆናል። ቈጥሮ የሚሰጥ ሰው አይረሳም፤ ብድሩንም ይጠብቃል። የዕለት ልማዱ ያደረገው ሰው ግን ትናንት የሰጠውን ዛሬ አያስታውሰውም። መርሳቱ ደግነቱን አይሽረውም። እኛን ሊያስፈራን የሚገባው ሌላው ወገን ነው፤ ተቀባዩ ፈጽሞ አይረሳም።

ሁለተኛው ፍርድ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው። የጆኒ አባት ተራ ሰው አልነበሩም፤ በኒው ዮርክ የታላቅ ባንክ ሹም ነበሩ። እንግዲያው «የባለ ሀብት ልጅ ሲታመም ኳስ ተፈርሞ ይመጣል፤ በድኻ ጎጆ ውስጥ የተኛውስ ልጅ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአገራችንም የተለመደ ነው። ሰው ያለው ሰው መልእክቱ ይደርስለታል፤ ሰው የሌለው ማመልከቻው ከመዝገብ ቤት አይወጣለትም። ሰው ወዳጅ ላለው ብቻ የሚያዝን ከሆነ ይህ ደግነት ሳይሆን የዝምድና ሥራ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የራሱ የቤብ ሩት አስተዳደግ ነው። የተወለደው በ1895 ዓ.ም. ባልቲሞር ከተማ ውስጥ፤ መጠጥ ቤት ይዞ ከሚኖር ቤተ ሰብ ነው። ልጁ መረን እየሆነ ስላስቸገረ ወላጆቹ በ1902 ዓ.ም. ገና በሰባት ዓመቱ ሴንት ሜሪስ ለሚባለው ትምህርት ቤት ሰጡት። ይህ ትምህርት ቤት በካቶሊክ መነኮሳት የሚተዳደር፤ ወላጅ የሌላቸውና ያስቸገሩ ልጆች የሚታረሙበትና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ነበረ። ሩትም በዚያ ሸሚዝ መስፋት ተምሯል። አልፎ አልፎ ወደ ቤቱ ቢመለስም እስከ 1914 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው እዚያው ነው። በዚያ ቤት ብራዘር ማታያስ የሚባሉ አንድ ረጅም ግዙፍ መነኩሴ ነበሩ። ሥራቸው የልጆቹን ሥነ ሥርዓት መጠበቅ ሲሆን፤ ለዚህ ማንም ላልፈለገው ልጅ ጊዜያቸውን እየሰጡ ቤዝቦል ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ቤብ ሩት በኋላ ዘመኑ በሕይወቱ ካወቃቸው ሰዎች ሁሉ ታላቁ እኒህ መነኩሴ መሆናቸውን ተናግሯል። ከፕሬዚዳንቶች ጋር የተጨባበጠው ሰው ታላቅ ብሎ የጠራው የአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ተቈጣጣሪን ነው።

ብራዘር ማታያስ ለዚያ ልጅ ኳስ ሲወረውሩለት ጋዜጠኛ አልቆመም፤ ፎቶግራፍ አልተነሣም፤ ልጁም የባንክ ሹም ልጅ አልነበረም። ቢሆንም የእሳቸው ደግነት በዚያ አልቀረም። በ1919 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን እሳት ባጠፋው ጊዜ ቤብ ሩት ውለታውን አልዘነጋም፤ በተከታዩ ዓመት የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ከያንኪስ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ ለማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዲያሰባስብ ረድቷል። የጆኒን ስም የረሳው ሰው ራሱ የተቀበለውን አልረሳም። ከላይ የገለበጥነው ምሳሌ በአንዱ ሰው ላይ በሁለቱም ወገን ሲፈጸም እናያለን፤ በሰጠው በኩል ይረሳል፤ በተቀበለው በኩል ያስታውሳል።

ቤብ ሩት እንከን የሌለበት ሰው ነበር እያልሁ አይደለም። ለምግብና ለመጠጥ ልክ አልነበረውም፤ ለሥነ ሥርዓትም አይመችም ነበር። በ1925 ዓ.ም. የቡድኑ አሠልጣኝ ከጨዋታ አግደው 5,000 ዶላር አስቀጥተውታል። ይህን የማነሣው ነቀፌታ ለመጨመር ሳይሆን፤ ደግ ለመሆን አስቀድሞ ጻድቅ መሆን የሚያስፈልግ የሚመስለው ሰው ካለ እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

ከዚህም በላይ፤ ከፍ ባለ ስፍራ የቆመ ሰው ማን እንደሚያየው ሁልጊዜ ላያውቅ ይችላል። በ1980 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር በ5,000ና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ሲያገኙ፤ በአርሲ አሰላ አካባቢ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን ራዲዮ ከፍቶ ውድድሩን ያዳምጥ ነበር። ያ ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ ሯጭ የመሆን ምኞቱ የተጠነሰሰው በዚያን ቀን መሆኑን ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ሻምበል ምሩፅ በሞስኮ ሜዳ የመጨረሻውን ዙር ሲያፈተልኩ አሰላ ውስጥ አንድ ሕፃን ጆሮውን ከራዲዮ ላይ እንደ ደቀነ በምን ሊያውቁ ይችላሉ?

አንባቢ ሆይ፤ «እኔ ስፖርተኛ አይደለሁም፤ ኳስ አስፈርሞ የሚለምነኝም የለ፤ ይህ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ?» ትል ይሆናል። ይህን ገጽ የሚያነቡት አብዛኞቹ ተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ የያዙ ወጣቶች መሆናቸውን አውቃለሁ። ደመወዛቸው ትንሽ፤ ማዕረጋቸውም ከታች ነው። ነገር ግን ከገጠር ተነሥቶ ለመጣ ባለጉዳይ በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወጣት መንግሥትን የሚወክል ሰው ነው። ሚኒስትሩን አያያቸውም፤ ዋና ዳይሬክተሩን አያገኛቸውም። የሚያየው አንተን ነው። ያንተ ፊት የተፈታ እንደ ሆነ መንግሥት ፊቱን ፈታልኝ ይላል፤ የተኰሳተረ እንደ ሆነም እንዲሁ። በከፍተኛ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪም ቢሆን ለሰፈሩና ለቀዬው ልጆች ከቤብ ሩት አያንስም። ለዕረፍት ሲመለስ አነጋገሩን፤ አለባበሱን፤ መጽሐፍ አያያዙን የሚቀዱ ስንት ሕፃናት አሉ?

ይህን ስጽፍ ራሴን ከወቀሳው አውጥቼ አይደለም። ወደ ጽሕፈት ሥራ ከመዞሬ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ለጥቂት ወራት አገልግዬ ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ ክልል የመጣ ልጅ እግር ስለ ትምህርት ማስረጃው ጉዳይ ይዞ ፊቴ ቆመ። እኔም ዓይኔን ከስልኬ ላይ ሳላነሣ «ዛሬ ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለስ» አልሁት። በማግስቱ መጣ፤ እኔ ለስብሰባ ወጥቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ ተፈጸመለት፤ የፈጀውም አምስት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ ነገሩን ወዲያው ረሳሁት። ከወራት በኋላ በአውቶቡስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ ወጣት አክብሮ ሰላም አለኝና «ጋሼ፤ አያስታውሱኝም መሰል» አለኝ። አላስታወስሁትም። «የማድርበት ስለሌለኝ ያን ጊዜ ሁለት ሌሊት አውቶቡስ ተራ አደርሁ» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ እንደ ጨዋታ። የምለው ጠፍቶኝ መስኮት መስኮቱን ሳይ ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ አለፍሁ። የወጋው እኔ ረስቼ ነበር፤ የተወጋው አልረሳም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቤብ ሩት ቃል ባሰብሁ ቁጥር የሚገርመኝ «ረቡዕ» ማለቱ ነው። «አንድ ቀን» አላለም፤ «ሲመቸኝ» አላለም፤ «እናያለን» አላለም። ቀኑን ጠራ። ያውም በእጁ ያልነበረ ነገር ነበር ቃል የገባው፤ ሆም ረን በፈቃድ ብቻ የሚመታ አይደለምና። ሳይሳካለት ቢቀር ባገር ሁሉ ፊት ያፍር ነበር። የእኛ ሥራ ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው። ፊርማው በእጃችን ነው፤ ማኅተሙ በመሳቢያችን ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ባለጉዳይን «ነገ» እያልን፤ ነገ ሲመጣም «ሌላ ቀን» እያልን እንሰድዳለን። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ዕዳ ደግሞ የመክፈያ ቀን አለው። የሚቻለውን ነገር የሚቻልበትን ቀን ለይቶ መንገር፤ የማይቻለውንም አይቻልም ብሎ ቁርጡን ማሳወቅ፤ ሰው ከሩቅ ሲመጣ አንገትን ቀና አድርጎ ስሙን መጠየቅ፤ ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ በጀትም አዲስ ደንብም አያስፈልገውም።

ደግነት ከአድልዎ ጋር እንዳይምታታም መጠንቀቅ ይገባል። ወረፋ የጠበቁትን ትቶ ለዘመድ ቀድሞ መፈረም ደግነት አይባልም፤ የሌላውን ድርሻ ነጥቆ መስጠት ነው። እኔ የምለው ወረፋው ሳይፋለስ፤ ደንቡ ሳይጣስ ሊደረግ የሚችለውን ነው። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሕጉ የሚነገርበት አንደበት ግን የእኛ የራሳችን ነው። ብራዘር ማታያስ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ነበሩ፤ ደንቡን አላላሉም፤ ልጁንም አልጣሉም።

አገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ክፉ ምሳሌ አላት። በዚህ ምሳሌ የተመሩ ሹማምንት ምን እንዳተረፉ የሚያውቅ ያውቃል። ሹመት እንደሚያልፍ ምሳሌው በትክክል ተናግሯል፤ የተሳሳተው ቁጭቱ ስለ ምን እንደሚሆን ነው። እኔ እንደማስበው ሰው ወንበሩን ከለቀቀ በኋላ የሚቈጨው በአምስት ደቂቃ ሊያደርገው ሲችል ያላደረገው ነገር ነው።

ወደ ቤብ ሩት እንመለስና እንፈጽም። ታላቁ ተጫዋች በዕድሜው መጨረሻ በጕሮሮ ካንሰር ታመመ። ያ ዱላ የሚያነሣ ክንዱ ከሳ፤ ያ ሜዳ የሚሞላ ድምፁ ሰለለ። ጆኒ ሲልቬስተር በዚያን ጊዜ ጎልማሳ ሆኗል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመርቋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በባሕር ኃይል መኰንንነት አገልግሏል። ከኤሴክስ ፌልሱ ጉብኝት ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ጆኒ የታመመውን ሰው ሊጠይቅ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ቤቱ ሄደ። በ1926 ዓ.ም. ተኝቶ የነበረው ልጅ ቆሞ፤ ቆሞ የነበረው ጀግና ታሞ ተገናኙ። ቤብ ሩት ነሐሴ 16 ቀን 1948 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ አረፈ። ጆኒ ግን እስከ 1990 ዓ.ም. ኖሮ በ74 ዓመቱ ነው የሞተው። ያችን ኳስ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ አኑሯታል።

«ጆኒ ሲልቬስተር ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው መልሱን ያገኘው በዚያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ነገ ሰኞ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በየመሥሪያ ቤቱ በር ይከፈታል፤ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ሰውም ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ በአንድ ወጣት ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። ያ ወጣት የሰውየውን ስም እስከ ማክሰኞ ይረሳው ይሆናል። ሰውየው ግን የሚነገረውን እያንዳንዱን ቃል ይዞ አገሩ ይገባል።